የዘገየ ኮምፒውተር ሁሉ «ፎርማት» አያስፈልገውም

ዓለም ከተማ ውስጥ የቤት ኮምፒውተር አዲስ ሆኖ የሚገባው ከስንት አንዴ ነው። አዲስ አበባ ያለ ልጅ የተሻለ ሲገዛ ለወላጆቹ የተወው ይሆናል፤ ከውጭ የመጣ ዘመድ በሻንጣው የያዘው ላፕቶፕ ይሆናል፤ አለዚያም ያገለገለ ተገዝቶ፣ በሙከጡሪና በለሚ በኩል ጀማን ተሻግሮ፣ እንደ ሕፃን ጭን ላይ ታቅፎ የመጣ ነው። አንድ ሁለት ዓመት ደህና ይሠራል። ከዚያ ማዝገም ይጀምራል። ጠዋት ሲከፈት ቡናው ተቆልቶ እስኪፈላ ድረስ ያቺ ትንሽ ክብ ትዞራለች። አባት «አርጅቷል» ይላል፣ እናት «ቫይረስ ገብቶበት ነው» ትላለች፣ ልጆቹ ይነጫነጫሉ። መጨረሻ ላይ ለሰፈር ጠጋኝ ይሰጥና «ፎርማት» ይደረጋል።

ነገሩ የቅንጦት እንዳይመስላችሁ። በ2016 ዓ.ም. ክረምት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወረቀቱ ጎን ለጎን በኮምፒውተርም መሰጠት ጀምሯል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን ኮዲንግ ለማስተማር የታቀደው ነፃ የኢንተርኔት ሥልጠና ይፋ ሆኗል። ማውዝ ለመያዝ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ፈተናውን ከጥያቄው ጋር ብቻ ሳይሆን ከዕቃውም ጋር ነው የሚታገለው። ስለዚህ ቤት ያለው አሮጌ ኮምፒውተር እንዲሠራ ማድረግ የወላጅ ጉዳይ ነው።

ፎርማት ማለት ማከማቻውን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው። ትክክለኛ መድኃኒት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ችግሩ፣ ያለ ምርመራ መታዘዙ ነው። እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በነርስነት ነው። ትኩሳት ላለው ሁሉ፣ ወባ ይሁን ታይፎይድ ሳይለይ፣ አንድ ዓይነት ክኒን ሲታደል አይቻለሁ። አንዳንዱ ይድናል። አንዳንዱ ሁለት ቀን ቀለል ይለውና ተመልሶ ይወድቃል። ፎርማት የተደረገ ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው፤ መንስኤው አቧራ ወይም የደከመ ዲስክ ከሆነ በወሩ ተመልሶ ያው ይሆናል።

ከዚህ የከፋም አለ። አንዲት ጎረቤቴ የባለቤቷን ፎቶዎችና ለልጆቹ በድምፅ የተወውን ምክር ኮምፒውተሯ ላይ ነበር ያኖረችው። ሰውየው ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ኮምፒውተሩ ዘገየና ተሰጠ፤ በማግሥቱ ፈጣን ሆኖ ተመለሰ። «ሲስተር፣ እንደ ፈረስ ይሮጣል፤ ውስጡ ግን ማንም የለም» አለችኝ። ወጣቱን ጠጋኝ አልፈርድበትም፤ ማንም ምን እንዳለበት አልነገረውም፣ እሱም አልጠየቀም።

ስለዚህ ምንም ከመነካቱ በፊት የማይተኩትን ነገሮች ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡ። ብዙ ሰው «የእኔ ዕቃ ዲ ላይ ነው፣ አይነካም» ይላል። ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ፒክቸርስና ዳውንሎድስ የሚባሉት ማኅደሮች ግን ካልተዛወሩ በስተቀር የሚቀመጡት ሲ ላይ ነው፤ ፎርማት ሲደረግ መጀመሪያ የሚጠረገውም እሱ ነው። መገልበጫው የውጭ ሃርድ ዲስክ ቢሆን ጥሩ ነው። ፍላሽ ይጠፋል፣ ይበላሻል፣ ከየቤቱ ቫይረስ ይለቅማል፤ ለመመላለሻ እንጂ ለዘመን ማኖሪያ አይሆንም።

አሁን ወደ ምርመራው። በሽተኛ ሲመጣ ሙቀቱን፣ የልብ ምቱን፣ አተነፋፈሱንና ግፊቱን እንለካለን። ኮምፒውተርም መለኪያ አለው። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ የሚባሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማኔጀር ይከፈታል። ሲፒዩ፣ ሜሞሪ እና ዲስክ በሚሉት ስሞች አናት ላይ መቶኛ ይታያል። ኮምፒውተሩ ከተከፈተ አሥር ደቂቃ ያህል ይቆይ፣ ማንም ሳይነካው ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ሜሞሪው ከ80 በመቶ በላይ ከሆነ ራሙ አንሷል ወይም የማይታዩ ፕሮግራሞች በዝተዋል። ዲስኩ 100 ላይ ተጣብቆ ከቀረ ጥርጣሬው ወደ ሃርድ ዲስኩ ይሄዳል። ምንም ሳይከፈት ሲፒዩ ከፍ ብሎ ከቆየ ዊንዶውስ ራሱን እያደሰ ሊሆን ይችላል፣ ቫይረስም ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ ስሞቹን አንድ በአንድ ማየት ነው።

በዚያው ሰሌዳ ላይ «ስታርትአፕ» የሚል ክፍል አለ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የሚነሱት ፕሮግራሞች እዚያ ተዘርዝረዋል። ቴሌግራም፣ የፊልም ማጫወቻው፣ የድሮ ፕሪንተር አስታዋሽ፣ ሁሉም በአንድ በር ሊወጡ ይጋፋሉ። የማያስፈልገውን መርጠው «ዲሴብል» ይበሉት። ፕሮግራሙ አይጠፋም፤ ሲጠሩት ብቻ ይነሳል ማለት ነው። ጸረ ቫይረሱንና ስሙን የማያውቁትን አይንኩ።

ቀጥሎ ቦታ። ሲ ሲሞላ ዊንዶውስ መንቀሳቀሻ ያጣል፤ ቢያንስ ከ10 እስከ 15 በመቶው ባዶ ሊሆን ይገባል። በሴቲንግስ ውስጥ፣ ሲስተም ከሚለው ሥር፣ ስቶሬጅ የሚል አለ፤ «ቴምፖራሪ ፋይልስ» የሚለው የሚጣለውን ያሳያል። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ከዝርዝሩ መካከል ዳውንሎድስ አብሮ አለ። እሱ ላይ ምልክት ካደረጉ የልጅዎ የትምህርት ማስረጃም አብሮ ይሄዳል። በእኛ ቤቶች ትልቁ ቦታ በሊታ ቴሌግራም ነው፤ መዝሙሩ፣ ስብከቱ፣ ተከታታይ ፊልሙ ሁሉ ዳውንሎድስ ውስጥ በራሱ ማኅደር ይከማቻል። የታየውን ፊልም ማጥፋት ብቻውን ብዙ ጊጋባይት ይመልሳል።

ስለ ፍላሽ ቫይረስ ብዙ አልልም፤ ማኅደሮችን ደብቆ በቦታቸው አቋራጭ የሚያስቀምጠውን የማያውቅ ቤት የለም። ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም፤ ስለዚህ ተደናግጠው ፍላሹን አይጥረጉ። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር፣ ከታደሰ፣ ለቤት ይበቃል። ሁለት ጸረ ቫይረስ መጫን እርስ በርስ ያጋጫቸዋል፤ ኮምፒውተሩንም ያንቀራፍፈዋል። «ኮምፒውተርዎን በአንድ ጊዜ አፍጥነው» የሚሉ ማስታወቂያዎችንም አይመኑ፤ የገበያ ላይ የሁሉ በሽታ መድኃኒት ማለት እነሱ ናቸው።

አሁን ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ሙቀት ነው። ሲፒዩ ከመጠን በላይ ሲሞቅ እንዳይቃጠል ሲል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጠዋት ደህና ሆኖ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚያዘግም፣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ የሚጮህ ኮምፒውተር ካለዎት መጀመሪያ ሙቀት ይጠርጥሩ። ቤታችን ውስጥ ለዚህ የሚያመቻቹ ልማዶች አሉ። ኮምፒውተሩ እየሠራ ዳንቴል ይለብሳል። ላፕቶፑ አልጋ ላይ፣ ጋቢ ወይም የመንዝ ባና ላይ ይቀመጣል፤ ከሥሩ ያለው የአየር መሳቢያ ይታፈናል። ትልቁ ሣጥን መሬት ላይ ይቀመጥና የበጋውን አቧራ ይስባል። እንጀራ ከሚጋገርበት አጠገብ ከሆነ ደግሞ ጭሱ ከአቧራው ጋር ተቀላቅሎ የሚያጣብቅ ንጣፍ ይሠራል። ዳንቴሉ ጌጥ ነው፣ አልቃወምም፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ይልበስ።

ትልቁን ሣጥን ቤት ውስጥ ማጽዳት ይቻላል። አጥፍተው ገመዱን ይንቀሉ፣ ከዚያ የማብሪያ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይያዙ፤ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። ደጅ ያውጡት፤ ሳል ወይም አስም ያለበት ሰው ራቅ ይበል፣ እርስዎም አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ። የጎኑን ክዳን ከፍተው የሣጥኑን ባዶ ብረት በእጅ ይንኩ፤ በሰውነታችን ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳው ነው። አቧራውን አዲስ በሆነ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ያራግፉ፣ ብሎወር ካገኙም ራቅ አድርገው ይንፉበት። ያኔ የማራገቢያውን ክንፍ በጣት ይያዙት፤ በነፋስ ኃይል ሲሽከረከር ይጎዳል። በአፍ አይንፉ፣ ምራቅ ይገባል። ገመዱ የሚሰካበትን የኃይል ሣጥን ግን ፈጽሞ አይክፈቱ፤ ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ ሰው የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ይቆያል። ላፕቶፕን መክፈት ለባለሙያ ይተዉት።

ስለ አልኮል የሙያዬን ልናገር። ለቁስልና ለመርፌ የምንጠቀምበት 70 በመቶ አልኮል ጀርም የሚገድለው ውኃ ስላለበት ጭምር ነው። ያ ውኃ ግን ለኮምፒውተር ውስጥ ዕቃ ጥሩ አይደለም፤ ለዚያ ከ90 በመቶ በላይ የሆነ ኢሶፕሮፒል አልኮል ነው የሚፈለገው። በኮሮና ጊዜ የለመድነው ሳኒታይዘር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቆዳ እንዳያደርቅ ግሊሰሪን ይጨመርበታል፤ ኪቦርድ ላይ ሲደርቅ ያጣብቃል። ኪቦርዱን ገልብጦ ማራገፍና እርጥበቱ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ማበስ ይበቃል።

መብራትም አንዱ ጠላት ነው። በድንገት ሲጠፋ ዲስኩ በመጻፍ ላይ ከነበረ ፋይሎች ይበላሻሉ። ስታብላይዘር የኤሌክትሪኩን መውጣት መውረድ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ አያቆይም፤ ለማጥፊያ የሚሆን ጥቂት ደቂቃ የሚሰጠው ዩፒኤስ ነው። ላፕቶፕ ባትሪው ደህና ከሆነ ይህ ችግር የለበትም።

ከሁሉ አስቸኳዩ የዲስክ ሕመም ነው። አሮጌው ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው፤ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይዞራል። ዕድሜው ሲገፋ ይደክማል። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰሙ፣ ወይም አንድ ፎቶ ለመክፈት ደቂቃዎች ከፈጀ፣ ማጽዳቱን ይተዉና በዚያው ሰዓት ዋና ዋናውን ይገልብጡ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም የዲስኩን ጤና ያሳያል፤ «ኮሽን» ወይም «ባድ» ካለ የሚቀየር ነው። መቀየሪያው ኤስኤስዲ የሚባለው ቢሆን ይመረጣል፤ የሚሽከረከር ነገር የለውም። አሮጌው በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ የሚያነብ ከሆነ፣ ተራው ኤስኤስዲ 500 ያህል ያነባል። ለቤት ኮምፒውተር ከዚህ የበለጠ ገንዘብ የሚከፍል ለውጥ አላየሁም። ራም ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት ማሳደግ ሁለተኛው ነው፤ ዲዲአር 3 የሚወስደው ማሽን ዲዲአር 4 አይቀበልምና ሳያጣሩ አይግዙ።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙ አሮጌ ማሽኖችን አይቀበልም። ይህ ማለት ኮምፒውተሩ ይጣላል ማለት አይደለም፤ ለጽሑፍና ለልምምድ ይሠራል፣ የባንክ ሥራ ግን ባይሠሩበት ይሻላል። ደፋር ወጣት ቤት ውስጥ ካለ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነፃ ሥርዓት ሊሞክር ይችላል፤ አሮጌ ማሽን ላይ ቀለል ይላል፣ አማርኛም ይጻፍበታል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻለው ወደ ጠጋኝ ይሂድ፤ ግን እንደ ሪፈር ወረቀት ተጽፎለት። መቼ መዘግየት እንደጀመረ፣ የሦስቱ ቁጥሮች መጠን፣ ድምፅ እንዳለውና እንደሌለው ይስፈር። የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ ይሁን ቪዥዋል ግዕዝ ይጻፍ፤ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ፊደሉ ካልተጫነ የላቲን ቁርጥራጭ ሆኖ ነው የሚታየው። ከሥሩ በትልቁ «ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ፎርማት አይደረግ» ይባልና ስልክ ቁጥር ይቀመጥ። እኔ ወረቀቱን በፕላስተር ክዳኑ ላይ ነው የምለጥፈው፤ ኪስ ውስጥ የገባ ወረቀት አይነበብም።