የእግር ጥፍር ፈንገስ፦ ከመድኃኒቱ በፊት ምርመራው

መግቢያ

በየካ ክፍለ ከተማ ወደ እንጦጦ ተራሮች በሚወጡት ሰፈሮች ክረምት ሲገባ ጭቃና እርጥበት ይበረታል። የቀን ሠራተኛው፣ የጥበቃ ሠራተኛውና እንጨት ተሸካሚዋ በእርጥብ ጫማ፣ በጎማ ቦት ወይም በኮንጎ ረጅም ሰዓት ይውላሉ። ጥፍሩ የወፈረና የቢጫ መልክ ያለው ሰው ወደ ጤና ተቋም የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ሕመም ሲሆን፣ ጥፍሩን የሚያሳየው እግረ መንገዱን ነው። በዚህ ጊዜ ባለሙያው ከሁለት ስሕተቶች በአንዱ ሊወድቅ ይችላል። አንደኛው ችግሩን የውበት ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማለፍ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ጥፍሩን በዓይን ብቻ አይቶ የወራት መድኃኒት ማዘዝ ነው።

መንስኤ

ዋነኞቹ መንስኤዎች ደርማቶፋይት የሚባሉት ፈንገሶች ሲሆኑ፣ ከእነዚህም በብዛት የሚገኘው ትራይኮፋይተን ሩብረም ነው። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በጣቶች መካከል ካለው ቆዳ ነው። የዕድሜ መግፋት፣ የስኳር በሽታ፣ የእግር ደም ዝውውር መድከም፣ የኤች አይ ቪ ቫይረስ እና በጥፍር ላይ የሚደርስ ተደጋጋሚ ጉዳት ተጋላጭነትን ይጨምራሉ።

ፈንገስ የሚመስሉ ሕመሞች

በአብዛኛው ሕመሙ ከጥፍሩ ጫፍና ጎን ተነሥቶ ወደ ሥሩ ይዘልቃል። ከሥሩ የሚጀምር ነጭ ለውጥ ሲታይ ግን የኤች አይ ቪ ምርመራ ሊታሰብ ይገባል። መልካቸው ከተለወጠ ጥፍሮች መካከል ፈንገስ የሚገኝባቸው ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። የቀሩት በጠባብ ጫማ ግፊት፣ በሶርያሲስ፣ በላይከን ፕላነስና በሌሎች ምክንያቶች የተለወጡ ናቸው። በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ የታየ፣ እየሰፋ የሚሄድ ወይም ወደ ዙሪያው ቆዳ የተሻገረ ጥቁር መስመር ሜላኖማ ሊሆን ስለሚችል ታካሚው ሳይዘገይ ወደ ቆዳ ሐኪም መላክ አለበት። እግሩ የደነዘዘ ታካሚ ደግሞ ለሥጋ ደዌና ለስኳር በሽታ ሊመረመር ይገባል።

ምርመራ

ማይክሮስኮፕ ባለበት ጤና ጣቢያ ሁሉ ሊሠራ የሚችለው ቀላሉ ዘዴ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ምርመራ ነው። ጥፍሩ በአልኮል ከጸዳ በኋላ የላላው ክፍል ይቆረጣል፤ ከዚያም ናሙናው ከጥፍሩ በታች፣ የታመመው ከጤነኛው ከሚገናኝበት ስፍራ ይፋቃል። ከጫፉ ብቻ የተወሰደ ናሙና ብዙ ጊዜ ፈንገሱን ያሳጣል። ስለዚህ ውጤቱ አሉታዊ ቢሆንም ጥርጣሬው ከጸና ምርመራው ይደገም።

ሕክምና

ደርማቶፋይት ሲረጋገጥ ተመራጩ ተርቢናፊን 250 ሚ.ግ. በቀን አንድ ጊዜ ለ12 ሳምንታት ነው። የጉበት ሕመም ላለበት ሰው አይሰጥም፤ ከመጀመሩ በፊትም የጉበት ምርመራ ይደረጋል። ኢትራኮናዞል 200 ሚ.ግ. በቀን ሁለት ጊዜ በየወሩ ለአንድ ሳምንት፣ ለሦስት ወራት ሊሰጥ ይችላል፤ የልብ ድካም ላለበት ግን የተከለከለ ነው። ፍሉኮናዞል በሳምንት አንድ ጊዜ ከ150 እስከ 300 ሚ.ግ. ከ6 እስከ 12 ወራት ይወሰዳል። ይሁን እንጂ ግሊቤንክላማይድ በሚወስድ የስኳር ታካሚ ላይ የደም ስኳርን ከመጠን በታች ሊያወርድ ይችላል። ሪፋምፒሲን የእነዚህን መድኃኒቶች ኃይል ስለሚቀንስ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና መኖሩ አስቀድሞ ይጠየቅ። ግሪሲዮፉልቪን ለእግር ጥፍር ረጅም ጊዜ የሚፈልግና የማዳን ኃይሉ አነስተኛ የሆነ መድኃኒት ሲሆን፣ ለነፍሰ ጡር ሴት አይሰጥም።

የሚዋጥ ኬቶኮናዞል ለጥፍር ፈንገስ መታዘዝ የለበትም። ጉበትን ክፉኛ ስለሚጎዳ፣ በሐምሌ 2005 ዓ.ም. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለቆዳና ለጥፍር ፈንገስ እንዳይውል ወስኗል። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲም በዚያው ወር ለፈንገስ ሕክምና መዋሉ እንዲቆም መክሯል።

የእግር ጥፍር በወር ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚያድግ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪተካ ከ12 እስከ 18 ወራት ይፈጃል። ይህ ያልተነገረው ታካሚ ኪኒኑን ሲጨርስ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ሌላ ፍለጋ ይሄዳል። ሕመም የማይሰማቸውና ሌላ ብዙ መድኃኒት የሚወስዱ አረጋውያን ግን ጥፍራቸውን በመከርከምና በክትትል ብቻ ሊረዱ ይችላሉ።

የስኳር ታካሚ

ለስኳር ታካሚ ጉዳዩ የውበት አይደለም። የወፈረው ጥፍር በጫማ ተጭኖ ሳያሳምም ያቆስላል፤ ቁስሉም ለባክቴሪያ በር ይከፍታል፤ ፍጻሜውም እግር እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በየክትትሉ ጫማና ካልሲ አስወልቆ ጥፍሩንና የጣቶቹን መካከል ማየት ተገቢ ነው።

መከላከልና ማጠቃለያ

እግር ከታጠበ በኋላ የጣቶቹን መካከል ማድረቅ፣ ካልሲን በየቀኑ መለወጥ፣ የረጠበን ጫማ አድርቆ መጫማት እና ጥፍር መቁረጫን አለመዋዋስ በሽታው እንዳይመለስ ይረዳል። በጣቶች መካከል የሚላጥ ቆዳ ያለበት የቤተሰብ አባልም አብሮ በቅባት ይታከም። የወራት መድኃኒት ከማዘዙ በፊት ግን ባለሙያው ለራሱ አንድ ጥያቄ ያቅርብ፦ ይህ ጥፍር በእርግጥ ፈንገስ እንዳለበት ተረጋግጧልን?