የጎደለውን የሚያወድስ ሳንቲም

ሳንቲም ወደ ላይ ሲወረወር «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» እንላለን። ዘውዱ ከሳንቲማችን ከወረደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሆኖታል፤ አባባሉ ግን ከአፍ አልወረደም። የጥንት ሮም ልጆችም ሳንቲም ሲወረውሩ «ራስ ወይስ መርከብ?» ይባባሉ ነበር። በቀድሞው የነሐስ ሳንቲማቸው ላይ በአንድ ወገን ባለ ሁለት ፊቱ አምላክ ያኑስ፣ በሌላው ወገን የመርከብ አፍንጫ ይታተም ስለነበር ነው። ማክሮቢየስ የተባለው ጸሐፊ ይህን ልማድ በ5ኛው መቶ ዘመን መግቢያ ገደማ ሲመዘግበው መርከቡ ከሳንቲሙ ከጠፋ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈው ነበር። እንግዲህ በገንዘብ ላይ ያለ ሥዕል ከምናስበው በላይ በሰው ውስጥ ይቀመጣል። የሮም ነገሥታት ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ስለነበር በሳንቲሙ ጀርባ ያለችውን የጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ባዶዋን አልተዉአትም። ያን ሥዕል እንደ ዜና መዋዕል የሚያነበው ሰው ግን ይሳሳታል። የሮም ሳንቲም ከሆነው ነገር ይልቅ ገዢው እንዲታመንለት የተመኘውን ይናገራል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያወድሰውም ብዙውን ጊዜ በእጁ የሌለውን ነው።

ሳንቲሙን አስቀድሞ ማስተዋወቅ ይገባል። ዋናው የብር ገንዘብ ዲናር ነው። ስሙን ከወንጌል እናውቀዋለን፤ ለቄሣር ግብር ስለ መክፈል በተነሣው ጥያቄ ላይ መልኩና ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ የተጠየቀበት ገንዘብ ነው። መታተም የጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ211 ገደማ ሲሆን፣ በአውግስጦስ ዘመን 4 ግራም ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጥሩ ብር ነበር። አሠራሩ የአንጥረኛ ሥራ ነው። ቀራጩ ሥዕሉን ገልብጦ በሁለት ማኅተሞች ላይ ይቀርጻል፤ አንዱ ማኅተም መስፉ ላይ ይተከላል፣ ሌላውን ሠራተኛው በእጁ ይይዛል፤ ክቡ ብር በመካከል ገብቶ መዶሻው ይወርድበታል። ሁሉም በእጅ ስለሆነ ፍጹም አንድ የሆኑ ሁለት ሳንቲሞች አይገኙም። አንዱ ላይ ሥዕሉ ወደ ጎን ይሸሻል፣ ሌላው ላይ የንጉሡ ስም ግማሹ ከጠርዝ ውጭ ይቀራል። በሮም ከተማ በሚታተም ገንዘብ ላይ በሕይወት ሳለ መልኩ የወጣለት የመጀመሪያው ሰው ዩልዮስ ቄሣር ነው፤ ይህ የሆነው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ሲሆን በዚያው ዓመት ተገደለ። ከገዳዮቹ አንዱ የሆነው ብሩቱስ ጥቂት ቆይቶ ባሳተመው ሳንቲም ጀርባ ላይ ሁለት ጩቤዎችን፣ በመካከላቸውም ነጻ የወጣ ባሪያ የሚደፋውን ቆብ አስቀረጸ፤ ከሥር የግድያው ዕለት ተጻፈ። ሳንቲሙን ሲገለብጡት ግን የሚገኘው የብሩቱስ የራሱ መልክ ነው። አንድን ሰው ሊነግሥብን ነው ብሎ የገደለ ሰው የዚያኑ ሰው ድፍረት መድገሙን ከዚህች ብር የበለጠ የሚያሳብቅበት ምስክር የለም።

ከአውግስጦስ በኋላ የሳንቲሞቹ ጀርባ የበጎ ነገሮች ስም መጥሪያ ሆነ። ስምምነት፣ ታማኝነት፣ ሰላም፣ ጥጋብ እያንዳንዳቸው በሴት አምሳል ይቆማሉ፤ አንዷ ፍሬ የሞላበት ቀንድ፣ ሌላይቱ የጦር ዓርማ ይዛለች። ለአዲስ ሰብሳቢ እነዚህ ሴቶች አሰልቺ ናቸው፤ እርሱ የሚፈልገው ዝሆንና ግላዲያተር ነው። ነገሩ የሚጥመው ሳንቲሙ ከወጣበት ወር ጋር ሲነበብ ነው። በ193 (ከልደት በኋላ ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቤተ መንግሥቱ ዘበኞች ንጉሣቸውን ገድለው ዙፋኑን ለጨረታ ሲያቀርቡ፣ ዲዲዩስ ዩሊያኑስ የተባለ ባለጸጋ ለእያንዳንዱ ወታደር 25,000 ሴስቴርስ የተባለ የሮም ገንዘብ ሊከፍል ቃል ገብቶ ነገሠ። በሳንቲሙ ላይ ያወጣው «የወታደሮች ስምምነት» የተባለችውን ሴት ነበር፤ በ66 ቀኑ ተገደለ። የ238ቱ ታሪክ ከዚህም ይብሳል። የሕግ መወሰኛው ሸንጎ ባልቢኑስንና ፑፒየኑስን እኩል አድርጎ አነገሣቸው። ሁለቱም ባሳተሟቸው የብር ሳንቲሞች ላይ የተጨባበጡ ሁለት ቀኝ እጆች ይታያሉ፤ ዙሪያውን «የነገሥታቱ የእርስ በርስ ፍቅር»፣ «የእርስ በርስ መተማመን» ተብሎ ተጽፏል። ሄሮድያን የተባለው የዘመኑ ጸሐፊ እንደሚተርከው ግን ዘበኞቹ ሊገድሏቸው ሲመጡ ፑፒየኑስ ታማኝ የነበሩትን የጀርመን ወታደሮች እንጥራ ሲል፣ ባልቢኑስ እኔን ለማስገደል የተሸረበ ተንኮል ነው ብሎ ከለከለ። እየተከራከሩ ሳለ ሁለቱም ተይዘው ተገደሉ። ነግሠው የቆዩት ሦስት ወር ያህል ብቻ ነበር።

በዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ ከባድ ነው። የሮም ሳንቲም እውነት የተናገረበት ጊዜ ሞልቷል፤ ንጉሡ ትራያን የዳኪያን አገር ያዝኩ ሲል በእርግጥ ይዟል፣ በ80 አካባቢ የቲቶ ሳንቲም ያሳየው ታላቁ የትርዒት ስፍራ ኮሎሲየምም እስከ ዛሬ ቆሟል። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ስለዚህ ሥዕሎቹን በሁለት መክፈል ያስፈልጋል። ሕንጻ፣ የተያዘ አገር፣ የተነሣ ግብር በዓይን የሚታይ ነገር ስለሆነ በእርሱ መዋሸት ያስቸግራል። ስምምነትና ታማኝነት ግን ማንም ሄዶ ሊያያቸው አይችልም። ልዩነቱ ከ96 እስከ 98 በነገሠው በኔርቫ ዘመን ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንደኛው ሳንቲሙ በአይሁድ ላይ በተጣለው ግብር ሰበብ ይደረግ የነበረው የሐሰት ክስ መነሣቱን ያውጃል፤ ይህ በእርግጥ የተወሰደ እርምጃ ነው። ሌላው በተጨባበጡ እጆች «የሠራዊቶች ስምምነት» ይላል፤ በ97 ዘበኞቹ ሽማግሌውን ንጉሥ በገዛ ቤተ መንግሥቱ ከብበው ያልፈለገውን የሞት ቅጣት እንዲያጸድቅ አስገደዱት። ያው ንጉሥ፣ ያው ማተሚያ ቤት፤ አንዱ የሥራ ወሬ፣ ሌላው ምኞት። የብሩ መጠንም ከምኞቱ ጋር አብሮ ይነበባል። ኔሮን በ64 ዲናሩን አቀለለው፤ ካራካላ በ215 የአንድ ተኩል ዲናር ያህል ብር ያለበትን ሳንቲም በሁለት ዲናር ሂሳብ እንዲገበይ አዘዘ፤ በ270 ገደማ ደግሞ «ብር» ይባል የነበረው ገንዘብ ከመቶ አምስት እጅ የማይሞላ ብር የያዘ መዳብ ሆነ። ጥጋብ የተባለችው ሴት ቀንዷን ይዛ መውጣቷን ግን አላቋረጠችም። በዚያው ዘመን አባቱ በፋርሶች የተማረከበትና የጋሊያ ግዛት የከዳችው ንጉሥ ጋሊየኑስ በወርቁ ላይ «በሁሉ ስፍራ ሰላም» ብሎ አሳትሟል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሊቃውንት የመጣ ነው። እንግሊዛዊው የታሪክ ምሁር ጆንስ በ1956፣ ሳንቲምን ማን ያነባል፣ የዛሬ ሰው የቴምብር ሥዕል እንደማያጠና ሁሉ ሮማዊውም አያጠናውም ነበር የሚል ክርክር አነሣ። ባርባራ ሌቪክ ደግሞ በ1982 ሥዕሎቹ ለሕዝቡ ሳይሆን ራሱን ንጉሡን ለማስደሰት የተዘጋጁ ናቸው አለች። የሌቪክ ሐሳብ እዚህ የተባለውን አያፈርስም፤ ተመልካቹ ንጉሡ ቢሆን እንኳ ሥዕሉ መስማት የፈለገውን ነው የሚነግረን። ለጆንስ ግን መልስ አለ። ካራካላ ወንድሙን ጌጣን በ211 ካስገደለ በኋላ በትንሿ እስያ ከተሞች በነሐስ ሳንቲሞች ላይ የጌጣ ፊት በመሮ ተፋቀ፤ የማይታይ ነገር ማን ይፍቃል? ከ132 እስከ 135 በይሁዳ ያመፁት የባር ኮክባ ሰዎች የሮምን ብር ሰብስበው በንጉሡ ፊት ላይ የቤተ መቅደሱን ሥዕል ደግመው አተሙበት። ፈላስፋው ኤፒክቴተስም የትራያን መልክ ያለበትን ሳንቲም ተቀበል፣ የኔሮንን ግን ጣል የሚል ምሳሌ ተጠቅሟል። ምሳሌ ሊሆን የሚችለው ሰሚው የሚያውቀው ነገር ብቻ ነው። እኛስ ብንሆን ከ1780 ጀምሮ መልኩም ዓመቱም ያልተለወጠውን የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ስንቀበል በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች እየቆጠርን አልነበረም? የምኒልክ ብር በገበያ ላይ ጠገራውን ማሸነፍ ያቃተውም ዓይን በለመደው መልክ ምክንያት ጭምር ነው። እርግጥ ባላገሩ ዕንቁውን የቆጠረው መልእክት ሊያነብ ሳይሆን እንዳይታለል ነው፤ ጆንስ እዚህ ላይ በከፊል ልክ ነው። ግን እንዳይታለል ተብሎ የሚመረመር ሥዕል ከማንኛውም አዋጅ ይልቅ ደጋግሞ ይታያል።

የአክሱም ነገሥታትም በሳንቲም መናገርን ከሮም ጎረቤትነት ተምረዋል። ከ3ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የወጣው የንጉሥ እንዱቢስ ወርቅ ክብደቱን ከሮም የወርቅ ሚዛን ጋር አዛምዷል። የሃይማኖት ለውጥ በመጣ ጊዜ ግን አካሄዳቸው ተለያየ። ቆስጠንጢኖስ ወደ ክርስትና ካዞረው ከ312ቱ ድል በኋላም ለዓመታት «የማይሸነፈው ፀሐይ» የተባለውን አምላክ ከሳንቲሙ ላይ አላነሣም፤ ዒዛና የጨረቃና የክብ ምልክቱን አንሥቶ መስቀል ተከለበት። በአንዳንድ የአክሱም የመዳብ ሳንቲሞች ላይ ደግሞ በግሪክኛ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ጽሕፈት አለ። ይህም ምኞት ነው፤ ሆኖም ምኞት መሆኑን አይደብቅም።

ሳንቲም መሰብሰብን በተመለከተ ያለው ተቃውሞ የሥነ ምግባር ነው፦ ሸማች ስላለ ቆፋሪ አለ። ይህን ማስተባበል አይቻልም። ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ በ2020 በለንደን የተሸጠው የብሩቱስ የጩቤ ሳንቲም፣ ያውም ወርቁ፣ የባለቤትነት ታሪኩ ሐሰተኛ ሆኖ ስለተገኘ በ2023 ለግሪክ ተመልሷል። ስለዚህ ሸማች ከዋጋው በፊት የሚጠይቀው ጥያቄ «ከየት መጣ?» መሆን አለበት፤ ወረቀት የሌለውን መተው ነው። ይህ ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ሳንቲሙ የሚናገረውም ከተገኘበት ቦታ ሲለይ ይደበዝዛል። በ1900 በፈረንሳይ ዶሚቲያኑስ የተባለ፣ ንጉሥ መሆኑ የማይታወቅ ሰው ሳንቲም ሲገኝ ሊቃውንቱ ሐሰተኛ ነው ብለው ተዉት። በ2003 በኦክስፎርድሻየር፣ ቻልግሮቭ አጠገብ፣ 5,000 ያህል ሳንቲሞች እርስ በርስ ተጣብቀው በተገኙበት የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ከዚያው ማኅተም የወጣ ሁለተኛ ሳንቲም ተገኘ፤ ሰውዬው በ271 አካባቢ ለጥቂት ጊዜ በእርግጥ ነግሦ ኖሯል። የቻልግሮቩ ሳንቲም ዛሬ በኦክስፎርድ አሽሞሊያን ሙዚየም ይገኛል። በሁለቱም ሳንቲሞች ጀርባ ላይ የተጻፈው «የወታደሮች ስምምነት» ነው።