የሌሊቱ ዘበኛ፦ የ«ሲምስ» የምሽት ማስፋፊያዎች ሲነጻጸሩ



ዛሬ ሌሊት በጨዋታ ሕግ እንዴት እንደሚገዛ በ«ሲምስ» ተከታታይ ጨዋታዎች ላሳያችሁ እሻለሁ።

በ2005 የወጣው የ«ሲምስ 2» ማስፋፊያ «ናይትላይፍ» መሐል ከተማን፣ መኪናንና ደም መጣጮችን አመጣ። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ግን ሰዓቱ ነው። ገጸ ባሕርዩ ሲጨፍር አምሽቶ ሲመለስ፣ ቤቱን የሚያገኘው በወጣበት ሰዓት ላይ እንደቆመ ነው። ድካሙ አብሮት ይገባል፤ ሌሊቱ ግን ከነገው ቀን አንዲት ደቂቃ አይወስድም።

«ሲምስ 3» ይህን ምሕረት ነሥቷል፤ ሰዓት ለሁሉም እኩል ይሮጣል። በ2010 የወጣው «ሌት ናይት» ደግሞ በብሪጅፖርት ክለቦች ደጃፍ ዘበኛ አቆመ። ዘበኛው ዝነኛውን ያስገባል፣ ስም የለሹን ይመልሳል፤ ጉቦ ከቀረበለት ግን ሊለሳለስ ይችላል።

በ2015 የወጣው የ«ሲምስ 4» ማስፋፊያ «ጌት ቱጌዘር» ክበብ የመመሥረትን ሥልጣን ለተጫዋቹ ሰጠ። አባል የሚሆነውን በዕድሜ፣ በሙያ ወይም በጠባይ የሚለየው፣ የሚበረታታውንና የሚነቀፈውን ድርጊት የሚደነግገውም እርሱ ነው። ተማሪዎቼ ከሦስቱ ነጻ የሆነው ይህ ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም። ዘበኛው አልተነሣም፤ ሥራውን ተጫዋቹ ተረከበው እንጂ። በብሪጅፖርት የተመለሰ ሰው ከልካዩን ፊት ለፊት ያያል፣ ሊደራደረውም ይችላል። በዊንደንበርግ መስፈርቱን ያላሟላው ግን የሚሟገተው ሰው እንኳ የለውም።

ባለፈው ሴሚስተር ክፍሌን ክበብ እንዲመሠርት አዝዤ ነበር። አብዛኞቹ አስቀድመው የጻፉት ማን እንደማይገባ ነበር።