መጀመሪያ ነፋሱን እዩ

በቨርጂኒያ የአደን ወቅት ሲቃረብ ወጣት ወገኖቼ ይደውሉልኛል። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ የትኛውን ጠመንጃ ልግዛ?» መልሴ አጭር ነው። በደንብ የተስተካከለና ባለቤቱ የተለማመደበት መካከለኛ የአደን ጠመንጃ ለአጋዘን ይበቃል፤ አንዳንድ ካውንቲ ሾትገን እንጂ ራይፍል ስለማይፈቅድ ከመግዛታችሁ በፊት ደንቡን አንብቡ። የአዳኝ ትምህርቱን ጨርሱ፣ ፈቃድ አውጡ፣ ብርቱካናማውን ሰደርያ ልበሱ። እኔን የሚያሳስበኝ ማንም የማይጠይቀኝ ነገር ነው፦ የት ልቀመጥ? ነፋሱስ ወዴት ይሄዳል?

ነጭ ጅራት አጋዘን ሳይንሳዊ ስሙ ሳይቀር ከቨርጂኒያ የተወሰደ የዚሁ አገር ተወላጅ ነው። በ1900 አካባቢ ለሥጋና ለቆዳ ገበያ ያለ ገደብ ስለታደነ ከብዙ ግዛቶች ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ዛሬ በየጓሯችን አበባ ሲቀነጥስ የምናየው የአደን ሕግ ስለጠበቀ፣ አዳኞችም ስለከፈሉለት ነው። በ1937 የወጣው የፒትማን–ሮበርትሰን ሕግ ከአደን ጠመንጃና ከጥይት ላይ የሚሰበሰበውን 11 በመቶ ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል አድርጓል። ተኩላውም ፑማውም ከቨርጂኒያ ስለጠፉ ደግሞ አሁን አጋዘኑ በዝቶ የደኑን ቡቃያ የሚጨርስበት አካባቢ ብዙ ነው። ቁጥሩን የምትወስነው ሴቷ ናት። ጀማሪ ቀንዳም ወንድ ካልሆነ ብሎ ሴቷን በንቀት ሲያሳልፍ ሳይ አዝናለሁ።

ቦታ ሲባል የጀማሪ ልብ ወደ ተራራ ይሸፍታል። የጆርጅ ዋሽንግተንና ጀፈርሰን ብሔራዊ ደን ወደ 1.8 ሚሊዮን ኤከር ይሰፋል፣ ፈቃድ ለያዘ ሁሉ ክፍት ነው፣ ሲያዩትም ያምራል። አጋዘኑ ግን ጥልቅ ደን ውስጥ ይሳሳል፤ የሚበዛው እርሻ፣ ጥሻና የሰው መንደር በሚገናኙበት ዳርቻ ነው። በፌርፋክስ ካውንቲ መናፈሻዎች እንኳ በሥርዓት የሚመራ የቀስት አደን አለ። አንድ ገበሬ በአክብሮት ተጠይቆ የፈቀደላችሁ ትንሽ ማሳ ዳር ከሰፊው ተራራ ይበልጣል። ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ በበጋው ሄዳችሁም አጥሩን ሲጠግን አግዙት።

አሁን ወደ ነፋሱ። ሰው በዓይኑ የሚኖር ፍጡር ስለሆነ አጋዘኑም እንደሱ ይመስለዋል። ቅጠል መሳይ ልብስ ላይ ያ ሁሉ ገንዘብ የሚፈሰው ለዚህ ነው። የአጋዘን ዓይን ብርቱካናማንና ቀይን ከአረንጓዴ አይለይም፤ ሰማያዊን ግን አጥርቶ ያያል። ስለዚህ ውድ ልብስ ከመግዛት ጂንሱን ቤት ትቶ መውጣት ይቀድማል። ዓይኑ የሚይዘው እንቅስቃሴን ነው፤ ያንንም ቢይዝ ይጠራጠራል፣ መሬቱን በሰኮናው እየመታ ቆሞ ያጣራል። ካሸተታችሁ ግን የሚያጣራው የለም። በአፍንጫው አንድ ጊዜ በኃይል ይተነፍሳል፣ ነጩን ጅራቱን ሽቅብ ያቆማል፣ ይሄዳል። ሌሎቹም ተከትለውት ይሄዳሉ፤ በዚያ ቀን እዚያ ቦታ መቀመጥ ከንቱ ነው።

ሽታ ያጠፋል እየተባለ የሚሸጠው ሳሙናና የሚረጭ ነገር ይህን አይፈታውም። ሰው ይተነፍሳል፣ ያልበዋል። ሽታን መቀነስ ይቻላል፣ ማጥፋት ግን አይቻልም። ሌሊት ቡና ተቆልቶ ዕጣን በተጨሰበት ሳሎን ተሰቅሎ ያደረ ጃኬት ለብሰው ጫካ የሚገቡትን ግን ልቆጣቸው እወዳለሁ፤ የአደን ልብስ ከቤት ውጭ ወይም በታሰረ ከረጢት ውስጥ ይደር።

መፍትሔው አጋዘኑ ይመጣበታል ከምትሉት አቅጣጫ ነፋሱ ወደ እናንተ እንዲነፍስ ወይም በጎን እንዲያልፍ አድርጎ መቀመጥ ነው። ይህን ብዙ ሰው ሰምቷል። ብዙ ሰው የማያውቀው በተራራማ አገር ነፋስ አንድ ብቻ አለመሆኑን ነው። ከአየር ትንበያው ነፋስ በተጨማሪ ከፀሐይ ጋር የሚወጣና የሚወርድ አየር አለ። ሌሊት የቀዘቀዘው አየር ስለሚከብድ እንደ ውሃ ወደ ሸለቆው ይፈሳል። ጠዋት ፀሐይ ቁልቁለቱን ስታሞቀው ይቀላል፣ ሽቅብ ይወጣል። ማታ ጥላ ሲያጠላ እንደገና ይወርዳል። እንግዲህ ረፋዱ ላይ ከላይ የተቀመጠ ሰው ሽታው ከጭንቅላቱ በላይ ያልፋል፤ ፀሐይ ሳትወጣ በዚያው ቦታ የተቀመጠ ግን ሽታውን ከታች ወዳለው አጋዘን ሁሉ እየላከ ነው።

ይህን ለማየት ምንም መግዛት አያስፈልግም። ሚልክዊድ የሚባለው አረም በመከር ወራት ፍሬው ሲፈነዳ ሐር መሳይ ክር ያለው ዘር ይሰጣል። ጥቂት በኪሳችሁ ያዙ፣ አንድ አንዱን ልቀቁት፣ በዓይናችሁ ተከተሉት። አንድ ማለዳ ከአንድ ወጣት ጋር ከሼናንዶዋ ሸለቆ በላይ ካለ ሸንተረር ተቀምጠን ዘሩን ለቀቅሁለት። ቁልቁል ወርዶ ጎድጓዳው ውስጥ ጠፋ። ልጁ ተስፋ ቆርጦ እንነሳ አለኝ። ጠብቅ አልኩት። ፀሐይዋ ቁልቁለቱን እስክትነካ ዘሮቹ ዝም ብለው ዞሩ፤ ከዚያ ሌላ ስለቅ ሽቅብ ወጣና በራሳችን ላይ አልፎ ከሸንተረሩ ጀርባ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ሁለት ሴት አጋዘኖች ከታች እየቀነጠሱ ወጡ፣ አንዴም ቀና ብለው አላዩንም። ልጁ ያን ቀን አልተኮሰም፤ ጠመንጃ ግን ከዚያ ወዲህ ጠይቆኝ አያውቅም።

ትልቁ ወንድ አጋዘን የነፋሱን ነገር ከማናችንም ይበልጥ ያውቃል። ነፋሱ ከጀርባው ከሸንተረሩ ማዶ በሚመጣበት ቁልቁለት፣ ከጫፉ ትንሽ ወረድ ብሎ ይተኛል። ከኋላው ያለውን በአፍንጫው፣ ከታች ያለውን በዓይኑና ሽቅብ በሚወጣው አየር ይጠብቃል። ስለዚህ ጀማሪ መኝታው ድረስ ለመሄድ አይሞክር፤ በመኝታውና በመብሉ መካከል ይቀመጥ። እዚያ የሚደርስበት መንገድም በነፋስ ይመረጥ። ወንበሩን በትክክል አስቀምጦ በአጋዘኑ መኝታ ጫፍ እያለፈ የሚገባ ሰው አደኑን ሳይቀመጥ ጨርሶታል። የዛፍ ላይ መቀመጫው መሰላል እዚያ ስለተተከለ ብቻ በማንኛውም ነፋስ የሚወጣበትም እንዲሁ ነው። ለሁለት ዓይነት ነፋስ ሁለት ቦታ ይኑራችሁ፤ ካልሆነ ያን ቀን ቤት ዋሉ።

መብሉን ማወቅ ቀላል ነው። ኦክ ዛፍ ፈልጉ፣ ቅጠሉን አንሱ። ጫፉ ክብ ክብ ከሆነ ነጭ ኦክ ነው፣ ሹል ከሆነ ቀይ ኦክ። የነጩ ፍሬ ምሬቱ ትንሽ ስለሆነ አጋዘኑ እሱን ያስቀድማል። ፍሬው እየረገፈ ከሥሩ ትኩስ በጠጥ ካለ ነፋሱን አይታችሁ እዚያ ተቀመጡ።

ዛፍ ላይ የምትወጡ የደኅንነት ቀበቶውን ከመሬት ሳትነሱ እሰሩ። አዳኝን በብዛት የሚጎዳው ከዛፍ መውደቅ ነው፤ ያለ ቀበቶ ከሚወጣ ሰው ጋር አብሬ አልሄድም። ያላያችሁትን፣ ከኋላው ምን እንዳለ ያላወቃችሁትን አትተኩሱ። አጋዘኑ ጎኑን ሲሰጥ ከፊት እግሩ ጀርባ ሳንባውን አነጣጥሩ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፤ ወዲያው የተሯሯጠ ሰው ቁስለኛውን አርቆ ያባርረዋል።

ሥጋው ይበላ እንደሆነና ስለ ጾሙም ይጠይቁኛል። በኦሪት ዘዳግም 14 ዋላ ከሚበሉት ተቆጥሯል፤ የአራረዱን ነገር ግን እያንዳንዱ ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገርበት። ሙስሊም ወዳጆቼ ቢስሚላህ ብለው ነው የሚተኩሱት። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ የቨርጂኒያ የቀስት ወቅት ግን ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ይከፈታል፣ የስሪያው ግለትም ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ነው። ቀስት የለመደ ሰው ጾሙ ሳይገባ ሥጋውን ያገኛል። ለወጡ የሚሆን ይቀመጥላችሁ፤ የተረፋችሁን ለተራቡ የሚያከፋፍል በቨርጂኒያ ከ1991 ጀምሮ የሚሠራ «ሃንተርስ ፎር ዘ ሃንግሪ» የሚባል ድርጅት አለ። አጋዘንን የሚያመነምነው ሲ ደብሊው ዲ የተባለው በሽታ በታየበት አካባቢ ያደናችሁትን ደግሞ ከመብላታችሁ በፊት አስመርምሩት።

ለመጀመር የአደን ወቅቱን አትጠብቁ። ፌብሩዋሪና ማርች ላይ ቅጠሉ ረግፎ፣ አደኑ በብዙ ቦታ ተዘግቶ፣ ያለፈው ዓመት መተላለፊያ ሁሉ ተገልጦ ይታያል፦ ወንዱ ቀንዱን ያሸበት ግንድ፣ በሰኮናው የጫረው መሬት፣ የተኛበት ጎድጓዳ። በዚያ ወቅት ብታስደነግጡትም እስከ መከር ይረሳዋል። በካርታው ላይ ምልክት አድርጉ፣ ከእያንዳንዱ ምልክት ጎን ለየትኛው ነፋስ እንደሚሆን ጻፉ።