ላሚኔት ወለል ለምን ከግድግዳ ይርቃል? (ክረምት ሳይገባ ይነበብ)

የዛሬው ጽሑፍ ስለ ዋጋ አይደለም። ከሽያጭ በኋላ ቤትና ቢሮ የሚያድሱ ደንበኞች በዝተዋል፤ ብዙዎቹም ላሚኔት እያስነጠፉ ነው። እዚህ ባሕር ዳር በሚያዝያና በግንቦት አምሮ የተነጠፈ ወለል ሐምሌ ላይ አብጦ ሲነሳ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ገንዘባችሁ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ምክንያቱን እንየው።

የላሚኔት ውስጡ ኤችዲኤፍ ይባላል፤ በሙጫና በከባድ ግፊት የታመቀ የደቀቀ እንጨት ነው። ጠባዩ ከቡና ጋር አንድ ነው። በ11.5 በመቶ እርጥበት መጋዘን የገባ ቡና ክረምቱን ክፍት አየር ላይ ከሰነበተ እርጥበት ይስባል፣ ሚዛን ላይም ይከብዳል። ላሚኔትም እንደዚያው ይስባል፤ ልዩነቱ እሱ በስፋትም ያድጋል። በጋ ሲመጣ ደግሞ መልሶ ይሰበሰባል። የእኛ ከተማ በጋው ደረቅ፣ ክረምቱ ከባድ ስለሆነ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል።

ስሌቱ ቀላል ነው። በሙያው የተለመደው ግምት ለአንድ ሜትር ስፋት 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። 6 ሜትር ሳሎን ከሆነ 9 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ወለሉ ግድግዳ ነክቶ ከተነጠፈ ይህ 9 ሚሊ የሚሄድበት የለውም። ግድግዳው አይገፋለትም፣ ስለዚህ መሃሉ ላይ ይነሳል፣ መጋጠሚያውም ይሰበራል። መፍትሔው ዙሪያውን 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት መተው ነው።

ክፍተቱን ያየ ባለቤት "ሥራው ጎድሏል" ብሎ ይቆጣል፣ ሠራተኛውም ቁጣውን ፈርቶ በሲሚንቶ ይደፍነዋል። ይሄ ነው ጉዳቱ! በግንቦት 2016 የተመረቀው 380 ሜትር የዓባይ ድልድያችን እንኳ በሙቀት ሲለጠጥ የሚላወስበት ክፍተት ያስፈልገዋል። ክፍተት ጉድለት አይደለም፣ የሥራው አካል ነው።

ስታስነጥፉ እነዚህን ተቆጣጠሩ፦

1. ካርቶኖቹ ሳይከፈቱ በሚነጠፉበት ክፍል ውስጥ ለ48 ሰዓት ተጋድመው ይቆዩ።
2. ሊሾው በደንብ ይድረቅ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቁበትና በማግስቱ ግለጡት። ከስሩ ጠብታ ካያችሁ ገና ነው። ሐይቁ ዳር ቤት ያላችሁ ይህን አትዝለሉ።
3. ከፎሙ ስር ወፍራም ላስቲክ ይነጠፍ፤ መገጣጠሚያው ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ይደራረብ።
4. በግድግዳና በወለሉ መካከል ሽብልቅ ይደረግ። ሥራው ሲያልቅ ሽብልቁ መውጣቱን በዓይናችሁ እዩ።
5. በበር መቃን፣ በዓምድና በቧንቧ ዙሪያም ክፍተቱ ይኑር። አንድ ቦታ ብቻ ቢነካ ወለሉን ሁሉ ይይዘዋል።
6. ዞኮሎው ግድግዳው ላይ ይመታ እንጂ ወለሉ ላይ አይቸንከር። ክፍተቱን የሚሸፍነው እሱ ነው።
7. ከ8 እስከ 10 ሜትር የሚረዝም አዳራሽ ወይም ቢሮ ከሆነ መሃል ላይ ተቆርጦ በመሸጋገሪያ ክፈፍ ይከፈል። አምራቹ በካርቶኑ ላይ የጻፈውን ልክ ተከተሉ።
8. የኩሽና ካቢኔት ላሚኔቱ ላይ አይቆም። ከባድ ዕቃ ሲጫነው መላወስ ያቅተዋል።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታ። ክፍተት የሚያድነው ከአየር እርጥበት ነው፣ ከፈሰሰ ውሃ አያድንም። በባልዲ ማጠብ ክልክል፤ በደንብ የተጨመቀ መወልወያ ይበቃል።

ወለላችሁ ቀድሞ ከተነሳስ? ሁሉንም ለማስነቀል አትቸኩሉ። መጀመሪያ ዞኮሎው ይነሳና ግድግዳ የነካው ጠርዝ ይፈለግ። እዚያ ላይ ሲቆረጥለት፣ መጋጠሚያው ካልተሰበረ፣ ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀናት ራሱ ይተኛል። ይህ የግማሽ ቀን የአናጢ ሥራ ነው። አዲስ ወለል ግን ከነካርቶኑ ሙሉ ወጪ ነው።

ከሠራተኛው ጋር ስትዋዋሉ ክፍተቱን በቃል ሳይሆን በውሉ ላይ አስጽፉት፤ የመጨረሻውንም ክፍያ ዞኮሎው ከመመታቱ በፊት ዙሪያውን አይታችሁ ክፈሉ። ናሙና ሳታዩ ቡና አትረከቡም አይደል? ወለሉንም እንደዚያው።