ቤቱን ሲገዙ ማኅበሩንም ይገዛሉ

አርባ ምንጭ ላይ የኮንዶሚኒየም ቤት ለመግዛት የተነሣ ነጋዴ ደላላውን የሚጠይቀው ስለ ፎቁ፣ ስለ ውኃው፣ ለሲቀላ ወይም ለሴቻ ስላለው ቅርበትና ስለ ካርታው ነው። የሕንፃው ማኅበር ሂሳብ ምን ላይ እንደሚገኝ የሚጠይቅ ገዢ ግን እምብዛም ነው። ሆኖም ገዢው ከቁልፉ ጋር የሚረከበው የዚሁ ማኅበር አባልነት ጭምር መሆኑን ልብ ሊል ይገባል።

ጉዳዩ የሚገዛው በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው። አዋጁ የጋራ ሕንፃ የሚለው በየግል የተያዙ አምስትና ከዚያ በላይ ቤቶችና የጋራ መጠቀሚያዎች ያሉትን ሕንፃ ሲሆን፣ ፎቅ ብቻ ሳይሆን በመደዳ የተሠሩ ቤቶችም በዚሁ ይጠቃለላሉ። (አንድ ግቢ ውስጥ ለየብቻ የቆሙ ቪላዎች ግን በዚህ ትርጉም በቀጥታ የሚገቡ አይመስሉም፤ የሪል እስቴት ገዢ ውሉን አጥብቆ ማንበብ ያለበት ለዚህ ነው።) ባለቤቱ ቤቱን ለብቻው ይይዛል፤ ደረጃው፣ ጣሪያውና ግቢው ግን የሁሉም ነው። የእያንዳንዱ ድርሻና የወጪ መዋጮ የሚታወቀው ሕንፃው ሲመዘገብ በቀረበው መግለጫ ነው። ስለዚህ ምድር ቤት ሱቅ ያለው ሰው «እኔ ደረጃ አልወጣም» ቢል ክርክሩ የሚፈታው በእግሩ ሳይሆን በመግለጫው ነው።

ማኅበሩ በሕግ ሰውነት ያለው አካል ነው። ይዋዋላል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። የበላዩ የባለቤቶች ጠቅላላ ጉባኤ ሲሆን፣ በየሰፈሩ «ኮሚቴ» የሚባለው የሥራ አመራር የዕለቱን ሥራ ያካሂዳል። ኮሚቴው ከመተዳደሪያ ደንቡ፣ ደንቡም ከአዋጁ ሊወጣ አይችልም። እንግዲህ ኮሚቴው በገዛ እጁ ወረቀት ለጥፎ የጣለው ቅጣት፣ ደንቡ ውስጥ መሠረት ከሌለው፣ ዳኛ ፊት ሲቀርብ የሚጸና አይደለም።

ችግሩ ያለው ማስከፈሉ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል 20 ቤት ያለው ሕንፃ ለጥበቃና ለጽዳት በቤት 300 ብር በወር ቢወስን 6,000 ብር ይሰበስባል። አምስቱ ባይከፍሉ በዓመት 18,000 ብር ይጎድላል፤ የውኃ መግፊያው ሞተር በተቃጠለ ዕለት ጉድለቱን የሚሸፍኑት ከፋዮቹ ናቸው። አልከፍል ያለውን ማኅበሩ ፍርድ ቤት ሊያቆመው ይችላል። ነገር ግን ቃለ ጉባኤ ያልያዘ፣ ደንቡን ያላስመዘገበ፣ ደረሰኝ የማይቆርጥ ኮሚቴ ምን ይዞ ይከራከራል? ብዙው ዕዳ ተከማችቶ የሚቀረው ሕግ ጠፍቶ ሳይሆን ወረቀት ጠፍቶ ነው።

በጋሞ ምድር የጋራ ደንብ ማስከበር እንግዳ ነገር አይደለም። በደጋው ሕዝቡ ዱቡሻ ላይ ተቀምጦ እስኪስማማ ይመክራል፤ ሀላቃው የሚሾመው በጉባኤ ነው፤ ደንብ የጣሰም ጎሜ ይደርስብኛል ብሎ ይፈራል። በቡራዩ ከደረሰው ግድያ በኋላ፣ በመስከረም 2011፣ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው ለበቀል የወጣውን የአርባ ምንጭ ወጣት ሲመልሱ የዚህን ሥርዓት ጉልበት አገር አይቷል። ይሁንና ዱቡሻ የሚሠራው ሰዎቹ ስለሚተዋወቁና እዚያው ስለሚኖሩ ነው። ቤቱን አከራይቶ አዲስ አበባ የሚኖር ባለቤት ጉባኤ አይመጣም፤ ተከራዩም «እኔን አይመለከተኝም» ይላል። እንዲህ ያለውን ባለቤት የሚይዘው ደንቡና ደረሰኙ ብቻ ነው።

ታዲያ የሽያጭ ውል ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ የተመዘገበው ደንብ፣ የመጨረሻው ጉባኤ ቃለ ጉባኤ፣ ሻጩ የወርኃዊ መዋጮ ዕዳ እንደሌለበት ማኅበሩ በማኅተም የጻፈው ደብዳቤ። ዕዳ ከተገኘ ከዋጋው ይቀነስ፣ ወይም ሻጩ ከፍሎ ይምጣ። ማኅተም የሌለው ማኅበር ከሆነም ይህ ራሱ ዋጋ ለመቀነስ በቂ ምክንያት ነው፤ ደላላው ቢከፋውም።