በወራጅ ውኃ ላይ የሚቆም ጀልባ

በነፋስ ስልክ ላፍቶ አልፎ ወደ አባ ሳሙኤል የሚወርደውን ትንሹን አቃቂ፣ በነሐሴ ወር ዝናም ካባራ በኋላ ከድልድይ ላይ ሆኖ ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ጎርፍ ያመጣው ጉማጅ እንጨት ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ሥር ሲደርስ እንደ ሌላው ግሣንግሥ ተጠርጎ ከመሄድ ይልቅ፣ እየሰመጠና እየወጣ፣ እየተገለባበጠም በዚያው ስፍራ ሲቆይ ሳያይ አይቀርም። ከድንጋዩ ላይ ተንደርድሮ የወረደው ውኃ ወደ ታች ጠልቆ ሲያልፍ፣ አረፋ የለበሰው የላይኛው ውኃ ወደ ድንጋዩ ይመለሳልና፣ በዚያ በአንድ ስፍራ በቆመ ማዕበል ላይ ተንሳፋፊው ነገር በሁለት ተፃራሪ ኃይሎች መካከል ተይዞ ይቀራል። ፍሪስታይል ካያክ የተባለው ስፖርት፣ ያ እንጨት ያለ ፈቃዱ የሚያደርገውን የሰው ልጅ በፈቃዱ፣ በሥርዓትና በውበት የሚፈጽምበት ጥበብ ነው።

ካያክ የተባለው ጀልባ ጥንታዊ ሥራ ነው። የጣና ነገደ ወይጦዎች ደንገል አስረው ታንኳን እንደሚሠሩ፣ በሰሜን ዋልታ አጠገብ የሚኖሩ ሕዝቦችም በእንጨት ወይም በአጥንት ላይ የአቆስጣ ቁርበት ወጥረው ካያክን ለአደን ሠሩ፤ ሁለቱም የተፈጠሩት ሰውንና ሲሳዩን ከዳር ወደ ዳር ለማድረስ ነው። የፍሪስታይሉ ካያክ ግን ከቆመበት ማዕበል ወዲያ መዳረሻ የለውም። ርዝመቱ ሁለት ሜትር የማይሞላ፣ ከፕላስቲክ ወይም ከካርቦን የተበጀ፣ መካከሉ የወፈረ ጫፎቹም የሳሱ ስለ ሆነ፣ ቀዛፊው ክብደቱን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሲያዘነብል አንዱ ጫፍ ይሰምጥና ሌላው ሽቅብ ይነሣል፤ በጫፍ ቆሞ መሽከርከሩም፣ ከማዕበሉ ተወርውሮ በአየር ላይ መገልበጡም ከዚህ ይመነጫሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚማሩት ግን መነሣትን ነው። የተገለበጠ ካያክ ቀዛፊውን ራሱን ቊልቊል አድርጎ በውኃ ውስጥ ይይዘዋልና፣ ተማሪው በጸጥተኛ ገንዳ ውስጥ በመቅዘፊያው የውኃውን ገጽ ጠርጎ፣ ዳሌውን አዙሮ ቀና ማለትን፣ ፍርሃት እስኪለቀውና እጁ ከአሳቡ እስኪቀድም ድረስ ይደጋግማል፤ ፊደል ሳይለዩ ዳዊት እንደማይደገም፣ ይህን ያልጨበጠ ወደ ማዕበል አይገባም።

ለዓለም ሻምፒዮና የበቃ ተወዳዳሪ ይህን የዓመታት ድካም የሚያሳየው በ45 ሰከንድ ውስጥ ነው። ዳኞች ለእያንዳንዱ ስልት እንደ ክብደቱ ነጥብ ይሰጣሉ፤ አንዱ ስልት በቀኝ አንድ ጊዜ፣ በግራም አንድ ጊዜ እንጂ ከዚያ በላይ ስለማይቈጠር፣ አንድ ወገኑ ብቻ የበረታ ሰው ከፍ ያለ መዓርግ አያገኝም። በ2019 እ.ኤ.አ. በስፔን ሶርት ከተማ፣ በ2023 ደግሞ በአሜሪካ ኮሎምበስ፣ ጆርጂያ፣ የተካሄዱት ሻምፒዮናዎች በዚህ ሕግ የተዳኙ ነበሩ።

የእኛ ዓባይ ከጀልበኞች ጋር ያለው ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. ክረምት በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራው የእንግሊዝ ጦር ሠራዊት ጓድ በሸለቆው ሲጓዝ ከአባላቱ አንዱን ውኃ ወሰደው፤ በ1972 እ.ኤ.አ. ማይክ ጆንስ የተባለ ወጣት ከባልንጀሮቹ ጋር በካያክ ወረደበት፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን በጎማ ጀልባና በካያክ እስከ ሜዲትራንያን ዘለቁ። የእነዚህ ሁሉ ምኞት ወንዙን መጨረስ ነበር። በነጭ ዓባይ መነሻ፣ በዩጋንዳዋ ጂንጃ ግን ቀዛፊዎች በአንድ ማዕበል ላይ እየሰነበቱ ይለማመዳሉ፤ የዚያው አገር ወጣቶችም ጥበቡን ተምረው ለዓለም ሻምፒዮና በቅተዋል።

ጎረቤት የደረሰበት ለእኛ ልጆች የማይደረስ አይደለም፤ ማዕበሉ በደጃቸው አለ። ይሁን እንጂ ቀዛፊ ውኃውን በዓይኑ፣ በአፍንጫውና በአፉ ይቀበለዋልና፣ የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ የሚወርድበት ትንሹ አቃቂ ዛሬ ገላ የሚነከርበት አይደለም። ስለዚህ ወንዙን ማንጻት የልምምዱ የመጀመሪያ ምዕራፍ ነው፤ ከድልድዩ በታች ጉማጅ እንጨት ብቻ የሚገለባበጥበት ያ ማዕበል፣ የላፍቶ ልጅ ተገልብጦበት በደስታ ቀና የሚልበት ቀን እንዲመጣ ከልብ እንመኛለን።